ዝምታን ዝለል

«ይሄን ወረቀት የጻፈችው ማን ናት?»

ማንም ቀና አላለም። በክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች በአራት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ይጽፋሉ። የሚሰማው የኪቦርድ ኳኳታ ብቻ ነው።

«እናንተን እኮ ነው! ድንጋይ ናችሁ?»

ሴትዮዋ የገባችው «ባለጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበትን በር በትከሻዋ ገፍታ ነው። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋዋን ሳታወልቅ፣ ከሥራ አምልጣ እንደመጣች ያስታውቃል። ሦስተኛ አልተጣራችም። ቅርቧ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደችና የያዘችውን ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ኪቦርዱ ላይ ወረወረችው።

ወረቀቱ ያረፈው በትክክለኛው ሰው ፊት ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ የዚህችው የጠረጴዛዋ ባለቤት ነው።

የፍርድ ቤቱ ሰው ከኋላዋ «ክብሪት» ይላታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም። ለመቆጣት ጊዜ አትፈጅም፤ አንዴ ጫር ካደረጓት ቱግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በችሎት የተቀዳ ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ ኖራለች። ክፍሉን ሁሉ «ገልባጮቹ» ነው የሚሏቸው፤ አሸዋ ከሚያራግፉት መኪኖች ጋር እያመሳሰሉ ይስቁባቸዋል። ይሳቁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ይሄ ቃል ተሳስቷል» ተብሎ የተመለሰባት አንድም ወረቀት የለም። በዚህ የምትኮራውን ያህል በወለደቻቸው ልጆችም አትኮራም፣ ትላለች ባሏን ማናደድ ስትፈልግ።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀችና ወረቀቱን፣ ከዚያ ሴትዮዋን አየች።

«ምን ሆንሽ? እዚህ ማን አስገባሽ?»

«ማንም አላስገባኝም፣ ራሴ ገባሁ! ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለውን አንብቢልኝ። የጻፍሽውን አንብቢ!»

ክብሪት አላነበበችም፤ ዓይኗ ግን ሳትፈልግ ወረደ። በእስክሪብቶ የተከበበው ሁለት መስመር ነው።

*ጥያቄ፦ ከእናትሽና ከአባትሽ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?*

*መልስ፦ ከአባቴ ጋር።*

«ልጄ ናት» አለች ሴትዮዋ። «ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ነው የማያት። ያለፈው እሑድ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ ዳኛውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፣ ግን ማንም አልመለሰልኝም› አለችኝ። ምን ብለሽ ጠየቅሽ ብላት፣ ብለምናት፣ አፏን ዘጋች። እሺ፣ ዘጠኙንም ገጽ አገላብጬ አየሁት። ልጄ የጠየቀችው ጥያቄ የታለ? የት ደበቅሽው?»

«እኔ የምጽፈው የተባለውን ነው። ያልተባለ አልጽፍም፣ የተባለ አልተውም።»

«ስንት ከፈለሽ?»

«ምን አልሽ?»

«አባቷ ስንት ከፈለሽ ነው የምልሽ!»

ክብሪት ብድግ ስትል ወንበሯ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሌሎቹ ሦስቱ ሴቶች አሁን ማዳመጫቸውን አወለቁ።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ! እኔ ባልሽንም አንቺንም ዓይናችሁን አይቼ አላውቅም! ልጅሽ ‹ከአባቴ ጋር› ካለች ‹ከአባቴ ጋር› ብዬ ጽፌያለሁ! አልፈልግሽም ስላለችሽ እዚህ መጥተሽ በእኔ ላይ…»

አፏ ላይ የነበረውን ሳትጨርስ ቆመች። የሴትዮዋ ፊት ልክ በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆኖ ነበር። የተነገረ ግን ተነግሯል። በዚህ መሃል ጥበቃው ደርሶ ሴትዮዋን ክንዷን ያዛት። እሷም አልታገለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች።

«ልጄን ብቻዋን አስገብተው የጠየቋት ዳኛ ተቀይረዋል። አዲሱ ዳኛ የልጄን ፊት አላዩትም፤ ያላቸው የአንቺ ወረቀት ነው። ፍርዱ ነገ ጠዋት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

በሩ ተዘጋ። ክብሪት ወንበሯን አነሳች። «ስንት ከፈለሽ!» አለች ለራሷ። «እኔን! እኔን ስንት ከፈለሽ!»

«ተያት፣ የቸገራት ናት» አለች ከጎኗ ያለችው የሥራ ባልደረባዋ።

«የቸገረው ሁሉ ሌባ ነሽ እያለኝ ይሂድ?»

የልጅቱን ድምፅ የከፈተችው በእልህ ነው። ሴትዮዋን ጠርታ «ነይ፣ ይኸው፣ በጆሮሽ ስሚ» ለማለት ባይፈቀድላትም፣ ቢያንስ ለራሷ አረጋግጣ ምሳዋን በሰላም መብላት ፈለገች።

ድምፅ የሚሰሙበት ፕሮግራም ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። ሰዎች ዘፈን የሚያዳምጡበት ተራ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ፍርድ ቤቱ የተሻለ እገዛለሁ እያለ ዓመታት አልፈዋል። ሰው የገደለ ሰው ቃሉን ሲሰጥ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ዘንጎች ይጨፍራሉ፤ የውርስ ክርክር ሲያልቅ «ይህን ከወደዱ ይህንንም ይወዱታል» የሚል ይመጣል። ስቀውበት ስቀውበት ለምደውታል።

ቦታውን ፈልጋ አገኘችው። የዳኛው ድምፅ፣ «ከእናትሽና ከአባትሽ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ወዲያው የልጅቱ ድምፅ፣ «ከአባቴ ጋር።» ፈጣን፣ ቁርጥ ያለ መልስ። እንደ ሂሳብ ጥያቄ።

«ይኸው!» አለች ጮክ ብላ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ይኸው! የት አለ የተደበቀው?»

እንደገና አጫወተችው፤ ማሸነፏን ማጣጣም ፈልጋ ነው። በዚህኛው ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር። ጥያቄው ሲያልቅ የሰዓት ቆጣሪው አሥራ አራት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ይላል። ልጅቱ አፏን ስትከፍት አሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ይላል።

ሦስተኛ አጫወተችው። ሰባት፤ ከዚያ አርባ ስምንት። ቁጥሩ ዘሎ አለፈ።

ቁጥሩ ሲዘል ያየችው ዛሬ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሲዘል አይታለች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ፋይል ተከመረ ብለው የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠርተው የአራቱንም ማጫወቻ ያስተካከሉ ጊዜ ነው የመጣው፦ ፍጥነቱ አንድ ተኩል፣ «ዝምታን ዝለል» የሚለው ደግሞ የበራ። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ አጉረመረመች። በሁለተኛው ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት ሥራዋን ጨርሳ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ራሷ ሄዳ አመጣች። ከዚያ በኋላ አላጉረመረመችም።

ማስተካከያውን ከፈተች። መጀመሪያ «ዝምታን ዝለል» የሚለውን አጠፋችው። ከዚያ ፍጥነቱን ወደ አንድ መለሰችው፤ አጫወተችም።

ዳኛው ሌላ ሰው ሆኑ። ቆፍጠን ያሉ ጎልማሳ ይመስሏት የነበሩት ሰው ድካም የተጫናቸው፣ በየቃሉ መሃል የሚተነፍሱ ሽማግሌ ናቸው። ጥያቄውን ጨረሱ። ከዚያ ምንም የለም። የአየር ማራገቢያ ጉምጉምታ፣ ከሩቅ የሚመጣ የእስክሪብቶ ፋጭ ፋጭ። ክብሪት ጠበቀች። አሥር ሰከንድ። ሃያ። ሃያ ሦስት ላይ የሆነ ነገር ሽው አለ፤ ነፋስም ይሁን ትንፋሽ አልለየችውም። ከዚያ እንደገና ዝም። በመጨረሻ «ከአባቴ ጋር» የሚል፣ ሂሳብ የመለሰች ልጅ ሳይሆን የሆነ ነገር ያስረከበች ልጅ ድምፅ መጣ።

ወደ ኋላ መለሰችው። ወፍራምና ቀጭን ድምፅ የሚመጥነውን ኢኳላይዘር ስታየው «ፓርቲ» የሚለው ላይ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ አሳብጦ ቀጭኑን ይውጠዋል። ማን እዚያ ላይ እንዳደረገው አታውቅም። «የሰው ድምፅ» የሚለው ላይ አደረገችው። የድምፁን መጠን እስከ ጥግ ከፈተችው። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ሃያ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ልጅቱ በሹክሹክታ እንዲህ አለች፦

«አባዬ ይሄን ይሰማዋል?»

ሰባት ጊዜ ሰማችው። በሰባቱም ያው ነው። ከጥያቄዋ በኋላ አሥራ ስምንት ሰከንድ አለ። ልጅቱ አሥራ ስምንት ሰከንድ መልስ ጠብቃለች። ዳኛው ይጽፋሉ፤ አልሰሟትም። ከዚያ ለራሷ መለሰች፤ አዎ ይሰማል ብላ ይሆናል። እና «ከአባቴ ጋር» አለች።

ክብሪት ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስትወረውረው አንደኛው ጆሮ ተሰበረ። ምንም ሳትናገር ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሰማያዊ ጋዋን የለበሰችውን ሴት አልፋት ስትሄድ ወደሷ ለማየት አቅም አጣች።

የኮምፒውተር ባለሙያው የአንድ ማተሚያ ሆድ ዘርግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጠና ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳ ሰው ነው።

«ዝምታን ዝለል የሚለው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» አለችው ከላይ ሆና።

«ቀላል ነው። ከሆነ መጠን በታች ያለውን ድምፅ ዝምታ ነው ብሎ ያልፈዋል።»

«መጠኑን ማን ወሰነ?»

«ማሽኑ…» አለና ፊቷን አይቶ አስተካከለ። «ማለቴ እኔ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ምንም አልዘል አለ። ማራገቢያውን ራሱ ድምፅ ነው ይላል። ትንሽ ከፍ አደረግሁት።»

«ሰው ቢያንሾካሹክስ?»

«ኧረ በእግዜር፣ ፍርድ ቤት መጥቶ ማን ያንሾካሹካል?»

«የፈራ!» አለችው። ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። «የፈራ ሰው ያንሾካሹካል! እዚህ ከሚመጣው ሰው ግማሹ የፈራ እንደሆነ አታውቅም? ምን ልታደርግ ነው የምትመጣው እዚህ፣ ሥራ?»

«እኔን ያዘዙኝ እኮ…»

መልሱን ለመስማት አልቆመችም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሲያዳምጡ ጣታቸውን በጣታቸው መሃል ሰክተው ነው። ክብሪት ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ «በአንድ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸሙን በእጥፍ ላሳደገ ክፍል» የሚል፣ በመስተዋት ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

«ቁጭ በይ» አሏት።

«አልቀመጥም።»

«እሺ ቁሚ። ይሄ ነገር ከገባ ጀምሮ ስንት መዝገብ ገልብጣችኋል?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ስልሳ ሦስት። አንዱ ላይ ስህተት አለ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ነገ የስልሳ ሁለቱ ጠበቆች በሬ ላይ ይሰለፋሉ። ገብቶሻል? የተፈረደበት ሁሉ ‹እኔም አንሾካሹኬ ነበር› ብሎ ይመጣል።»

«ይምጣ! ካንሾካሾከ ይምጣ!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ማንም ልጅቱን ትጥፋ አላለም። ፍርዱ ይሰጥ፤ እናትየው ይግባኝ ትጠይቅ፤ ያኔ በሥርዓቱ እናየዋለን።»

«እስከዚያ ልጅቱ የት ትሆናለች?»

«እሱ የእኔም የአንቺም ሥራ አይደለም።»

«እርስዎ ነዎት ያስገቡት! ፍጠኑ ፍጠኑ ብለው ጆሯችንን የቆረጡት እርስዎ ነዎት!»

ኃላፊው አልተቆጡም። መሳቢያቸውን ከፍተው የወረቀቱን ቅጂ አወጡና የመጨረሻውን ገጽ ወደሷ አዞሩት። ከታች፣ ከፊርማዋ በላይ፣ «ከላይ የተጻፈው ቃል በቃል ከድምፁ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ይሄን የፈረመው ማሽኑ ነው?» አሏት በቀስታ። «ወይስ እኔ ነኝ?»

ክብሪት ፊርማዋን አየች። ለዚህ መልስ ቢኖራት ትጮህበት ነበር፤ ከዚያ በላይ ያናደዳት ሰውየው ልክ መሆናቸው ነው። ቁጥሩ ሲዘል አይታለች። ምን እንደሚዘል መጠየቅ ይቻላት ነበር። ከአሥር ሰዓት በፊት መውጣቱ ጥሟት አልጠየቀችም።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ ውስጧ ይነዳል፤ የሚነደው ግን በማን ላይ እንደሆነ መለየት አቅቷታል። ታላቅ እህቷ በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክላታለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ረዥም ረዥም መልእክት። ክብሪት በሁለት እጥፍ ፍጥነት ነው የምትሰማው። ድስት እያማሰለች፣ የልጆች ካልሲ እየፈለገች፤ «ደግሞ ጀመራት» እያለች። እህቷ በቃላት መሃል ዝም የምትለው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

ባልደረቦቿ ምሳ ወጥተዋል። ስድስተኛውን ገጽ ከፈተችና በጥያቄውና በመልሱ መሃል ቦታ አሰፋች። «ሃያ ሦስት ሰከንድ ዝምታ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «ልጅቱ (በሹክሹክታ)፦ አባዬ ይሄን ይሰማዋል?» ብላ ጻፈች። «አሥራ ስምንት ሰከንድ ዝምታ። መልስ አልተሰጣትም» ብላ ጨመረች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ቁልፎቹን ደበደበቻቸው።

ወደ ማተሚያው ልትልከው ስትል ጣቷ ቆመ።

የተስተካከለ ወረቀት ሲወጣ ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለእናትየው፣ አንዱ ለአባትየው ጠበቃ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ በዚያው ቀን ይደርሳል። ልጅቱ ደግሞ ዛሬ ማታ የምታድረው አባቷ ቤት ነው።

አባዬ ይሄን ይሰማዋል?

ክብሪት በመዳፏ አፏን ያዘች። ልታደርገው የነበረው ይኸው ነው። የሦስት ወር ጥፋቷን ለማረም ብላ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ «አዎ፣ ይሰማል፤ እኔ ራሴ አሰማዋለሁ» ብላ ልትመልስላት ነበር። በንዴት የጻፈችውን በንዴት አጠፋችው። ከዚያ ባዶው ስክሪን ላይ አፈጠጠች። ካልጻፈችው ነገ ጠዋት ይፈረዳል። ከጻፈችው አባትየው ዛሬ ማታ ይሰማል። የምትጮህበት ሰው ፈልጋ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘች። ማንም የለም።

አዲስ ገጽ ከፈተች። የጻፈችው ለአዲሱ ዳኛ ነው፤ ለእሳቸው ብቻ።

*የልጅቱን ቃል በሚመለከተው መዝገብ ላይ ያለውን ፊርማዬን አንስቻለሁ። ግልባጩ ሙሉ አይደለም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከመፍረድዎ በፊት ድምፁን በራስዎ ጆሮ እንዲሰሙት እለምናለሁ። የጎደለውን እዚህ ላይ ያልጻፍኩበትን ምክንያት ሲሰሙት ያውቁታል።*

*ማጫወቻውን ሲከፍቱ ማስተካከያው ውስጥ ይግቡ። ፍጥነቱን አንድ ላይ ያድርጉት። ዝምታን ዝለል የሚለውን ያጥፉት። ኢኳላይዘሩን «የሰው ድምፅ» ላይ ያድርጉት። የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። በድምፅ ማጉያ አይስሙት፤ በማዳመጫ ይስሙት፤ በሩም ዝግ ይሁን። ከአሥራ አራት ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ ይጀምሩ። ምንም የሌለ ሲመስልዎት አያቋርጡ፤ ይጠብቁ።*

አንብባ ጨረሰች። ከታች አንድ መስመር ጨመረች፦ *በዚሁ መንገድ የተገለበጡ ሌሎች ስልሳ ሁለት መዝገቦች አሉ። ዝርዝራቸውን አያይዣለሁ።* ዝርዝሩን አተመች። ፈረመች። ፖስታውን አሸገችና ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

የዳኛው ጸሐፊ ጡረታቸው የቀረበ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ፖስታውን ተቀብለው በሚዛን እንደሚመዝን ሰው በእጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ለእሳቸው ብቻ ነው፣ ጋሼ። ዛሬውኑ።»

«አለቃሽ ያውቁታል?»

«ያውቁታል። አልተስማሙም።»

«ልጄ፣ በዚህ ነገር እንጀራሽ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሌላ አልጠየቁም፤ ተነስተው የውስጠኛውን በር አንኳኩና ፖስታውን ይዘው ገቡ። ክብሪት በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየች።

ደረጃውን ስትወርድ ሴትዮዋ ከአግዳሚው ላይ ተነሳች። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበረች፤ ምሳም አልበላችም።

«ሰማሽው አይደል?» አለች። «ስትወጪ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ስትገቢም አይቼዋለሁ። ሰምተሽዋል።»

ክብሪት ቆመች።

«ለዳኛው ጽፌያለሁ። ከመፍረዳቸው በፊት ራሳቸው ይሰሙታል።»

«ምን አለች?»

«እሳቸው…»

«እሳቸውን አልጠየቅሁሽም! ልጄ ምን አለች? እኔ እናቷ ነኝ። ምን ብላ ጠየቀች?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ቃል አይሞላም። ለዚህች ሴት ከሱ በላይ የሚሰጣት ነገር የለም፤ ልጅሽ አልጠላችሽም፣ ፈርታ ነው ማለት ነው። ግን ሴትዮዋን አየቻት። ጠዋት በትከሻዋ በር ገፍታ የገባች ሴት ናት። ይህን ሰምታ ቤቷ ቁጭ አትልም፤ ሳይመሽ የአባትየው በር ላይ ትደርሳለች፤ በሩን ትደበድባለች፤ ትጮሃለች። ልጅቱም ከውስጥ ሆና ጥያቄዋ መልስ ሲያገኝ ትሰማለች።

«ልነግርሽ አልችልም» አለች።

«አትችይም?»

«አልችልም። ለምኜሻለሁ፣ ዛሬ አባቷ ቤት አትሂጂ። ስልክም አትደውዪ። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ።»

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ከዚያ የቀኑ ንዴት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«አሁን ደግሞ ታዥኛለሽ? ልጄ የተናገረችውን አንቺ ታውቂ፣ ዳኛው ይወቁ፣ እኔ እናቷ ግን እንዳላውቅ? አልተሳሳትኩም፣ ተገዝተሻል! ልብ የሌለሽ! ልጅ ወልደሽ አታውቂም አንቺ! የልጅሽን ድምፅ ሰው ይዝጋብሽ! ሰው ሁሉ ይስማኝ፣ ይህቺ ሴት ልጄን ሸጣለች!»

በሮች ተከፈቱ። ከየቢሮው ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊም በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ክብሪት እንደምትነድ ሁሉም ያውቃል፤ እየጠበቁ ነው። ጆሮዋ ቀልቷል፣ ጥርሷን ነክሳለች። ለእያንዳንዱ ስድብ የሚመጥን መልስ አንድ ባንድ እየመጣ ጉሮሮዋ ላይ ይሰለፋል። አንድ ባንድ ዋጠችው።

ጥበቃው እየሮጠ መጣና ሴትዮዋን ሊይዛት እጁን ዘረጋ።

«ላስወጣት?» አላት ክብሪትን።

«አትንካት» አለችው። «ተዋት፤ ትጩህ።»